ሲስተሙ ያወጣው ቁጥር፣ የእርስዎ ፊርማ

ጥያቄ

«ዕድሜዬ 47 ነው። በሒሳብ ሥራ 22 ዓመት አሳልፌያለሁ። ጀማሪ ሳለሁ በእጄ መዝገብ ላይ ጽፌያለሁ፤ ከዚያ በኤክሴል ሠርቻለሁ። በሙያዬ አፍሬ አላውቅም ነበር። ከስምንት ወር በፊት ድርጅታችን አዲስ ሲስተም አስገባ። ግዥው፣ መጋዘኑ፣ ሽያጩ፣ ደመወዙ፣ ሒሳቡ፣ ሁሉም በአንድ ላይ የተሳሰረ ነው። እንዲያሠለጥነኝ የተመደበው ልጅ ከመጀመሪያ ልጄ በሁለት ዓመት ቢበልጥ ነው። ጣቱ ከመፍጠኑ የተነሳ ምን እንደተጫነ እንኳ አላይም። ደግመህ አሳየኝ ማለት እያፈርኩ ቤቴ ገብቼ አለቅሳለሁ።

ባለፈው ወር መዝጊያ ላይ ሲስተሙ ያወጣው የመጋዘን ዕቃ ሒሳብ እኔ ከያዝኩት ጋር አልገጠመም። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ለአለቃዬ ስነግረው ‹ሲስተም አይሳሳትም፤ የድሮ ደብተርሽን ተይውና ፈርሚ› አለኝ። ፈረምኩ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። አሁን ደግሞ አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ሲገባ ክፍላችን በግማሽ ይቀነሳል ይባላል። ክብሬን ይዤ ልልቀቅ? ወይስ በዚህ ዕድሜዬ ኮምፒውተር ሳይንስ ልማር?»

መልስ

እህቴ፣ ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ልልቀቅ ወይስ ልማር የሚለው ጥያቄ ከባድ ነው፤ እመለስበታለሁ። የእኔ ዓይን ግን ቶሎ ያረፈው «ፈረምኩ» የሚለው ቃል ላይ ነው። ከእሱ ልጀምር። ሌላው ለጥቂት ወራት ቢቆይ አይጎዳዎትም። ፊርማው ግን አሁኑኑ መላ ይፈልጋል።

በዚህ ሳምንት ለአለቃዎ አጭር ኢሜይል ይጻፉ። በቃል አይሁን፤ በቃል ነግረዋቸው ውጤቱን አይተዋል። እንዲህ ቢሉ ይበቃል፦ «የባለፈውን ወር የመጋዘን ዕቃ ሒሳብ ስፈርም በሲስተሙና በእኔ መዝገብ መካከል ይህን ያህል ልዩነት እንዳለ በቃል አሳውቄ ነበር። ምክንያቱ እስካሁን አልታወቀም። ቆጠራ ተደርጎ እንዲጣራ እጠይቃለሁ።» ቁጥሩን በትክክል ያስቀምጡ። ምሬት አይጨምሩበት። ማንንም አይክሰሱ። ኮፒውን እርስዎ ጋ ያስቀሩ። ነገ ኦዲተር መጥቶ ቢጠይቅ «አይቼ ጽፌያለሁ» ማለትና «ፈርሚ ተብዬ ፈረምኩ» ማለት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

«ሲስተም አይሳሳትም» የሚለውን አባባል ስሰማ ደሜ ይፈላል። ለምን እንደሆነ ላስረዳዎት።

በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ፖስታ ቤቱ ሆራይዘን የሚባል የሒሳብ ሲስተም በቅርንጫፎቹ ዘረጋ። ሲስተሙ የፉጂትሱ ነበር። አብዛኞቹን ቅርንጫፎች የሚያስተዳድሩት በየሰፈሩና በየመንደሩ ያሉ፣ ጎረቤት የሚያምናቸው ተራ ሰዎች ናቸው። ሒሳብ ሲዘጉ ሲስተሙ ጉድለት ያሳያቸው ጀመር። መኖር የነበረበት ገንዘብ ይህን ያህል፣ በካዝናው ያለው ግን ያን ያህል። ሰዎቹ ቆጠሩ፤ ደግመው ቆጠሩ። ከኪሳቸው ሞሉ። ተበደሩ። ደውለው ሲጠይቁ «እንዲህ ያለ ችግር የገጠመው ሌላ ሰው የለም» የተባሉ ብዙዎች ናቸው። እያንዳንዱ ችግሩ የእሱ ብቻ መሰለው። በስርቆት፣ በማጭበርበርና በሐሰተኛ ሒሳብ ከ900 በላይ ሰዎች ተፈረደባቸው። የታሰሩ አሉ። ቤታቸውን ያጡ፣ ትዳራቸው የፈረሰ፣ ራሳቸውን ያጠፉም አሉ።

እ.ኤ.አ. በ2019 ፍርድ ቤት ሲስተሙ ስህተትና ጉድለት እንደነበረበት፣ ያም የቅርንጫፎቹን ሒሳብ ሊያዛባ ይችል እንደነበር ወሰነ። በ2024 ፓርላማው ፍርዶቹን በጅምላ የሚሽር ሕግ አወጣ። ሲስተሙ ከተዘረጋ 25 ዓመት አልፎ ማለት ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ የፕሮግራሙ ስህተት አይደለም። ስህተት የሌለበት ፕሮግራም አይቼ አላውቅም። የሚያንገበግበኝ ማሽኑና ሰው በተጋጩ ቁጥር ሰውየው እንደ ውሸታም መቆጠሩ ነው። በጊዜው የአገሩ ሕግ ራሱ ኮምፒውተር በትክክል ይሠራል ከሚል ግምት ነበር የሚነሳው።

አለቃዎ ያሉት ነገር ያው ነው፣ መጠኑ ቢያንስም። ክፉ ሰው ናቸው ማለቴ አይደለም። ምናልባት ሲስተሙ ብዙ ገንዘብ ወጥቶበታል። ምናልባት «ቁጥሩ አልገጠመም» ብሎ ወደ ላይ መናገር ለእሳቸውም ያስፈራቸው ይሆናል። ግን ፍርሃታቸውን እርስዎ በፊርማዎ ሊሸፍኑላቸው አይገባም።

አሁን ደግሞ ሌላውን ወገን ልናገር። የእርስዎ ማስታወሻም ሊሳሳት ይችላል። በእጅና በኤክሴል የተያዘ ነገር ሁሉ እውነት ነው ማለት አይደለም። እዚያው እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2020 ወደ 16,000 የሚጠጉ ኮሮና የተገኘባቸው ሰዎች ውጤት ለቀናት ከሪፖርት ውጭ ሆኖ ነበር። ምክንያቱ መረጃው የተገለበጠበት የኤክሴል ፋይል አሮጌ ዓይነት መሆኑ ነው። ያ ዓይነት ፋይል ከ65,536 ረድፍ በላይ አይዝም። ትርፉ ዝም ብሎ ቀረ። ያንን ያህል ሰው ውጤቱ ከሪፖርት ሲጎድል፣ አብረዋቸው የነበሩትን ሰዎች ፈልጎ የማስጠንቀቁ ሥራም ዘገየ። ስለዚህ «የእኔ ትክክል፣ የሲስተሙ ስህተት» ብለው አይግቡ። «ሁለቱ አልገጠሙም፤ ለምን?» ብለው ይግቡ። ይህ አገባብ አለቃዎንም አያስቆጣም።

ለምን የሚለው ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ያየሁት እዚህ ላይ ነው።

ለረጅም ዓመታት የእኔ ሥራ ድርጅቶች አዲስ ሲስተም ሲያስገቡ ሠራተኛውን ማሠልጠን ነበር። በአንዱ ድርጅት ሲስተሙ በጀመረ በሦስተኛው ወር የመለዋወጫ ዕቃው ክምችት በድንገት አበጠ። በወረቀት ላይ ሀብታም ሆንን። የመጋዘኑ ኃላፊ ዝምተኛ፣ ጡረታቸው የቀረበ ሰው ነበሩ። ሪፖርቱን አየት አድርገው «ይህ ሁሉ ብሎን ከየት መጣ? መጋዘኔ እኮ አይችለውም» አሉ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ዛሬም ይቆጨኛል። ሰውየው ግን አልተዉትም። ስንፈትሽ ነገሩ ተገኘ። ግዥ ክፍል ብሎኑን የሚያዘው በካርቶን ነው፤ መጋዘኑ የሚያወጣው በፍሬ ነው። አንድ ካርቶን 200 ፍሬ ይይዛል። ዕቃው ሲስተሙ ውስጥ ሲመዘገብ አንድ ሰው 2,000 ብሎ አስገብቷል። አንድ ዜሮ! ሲስተሙ የታዘዘውን አባዛ። ስሌቱ ልክ ነው፤ ቁጥሩ ግን ሐሰት ነው።

ያንን ስህተት ያገኘው ሶፍትዌሩ አይደለም። እኛ አሠልጣኞቹም አይደለንም። መደርደሪያዎቹ ስንት እንደሚችሉ የሚያውቅ ሰው ነው ያገኘው። እርስዎም ልዩነቱን ያዩት በዚያው ዓይን ነው፤ አለቃዎ «የድሮ ደብተርሽ» ብለው ቢያጣጥሉትም።

እንግዲህ ልዩነት ሲፈልጉ ከመለኪያው ይጀምሩ። ካርቶን፣ ፍሬ፣ ኪሎ፣ ሊትር የተቀላቀለበት ዕቃ አለ ወይ? ከዚያ ቀኑን ይዩ። ዕቃው በወሩ የመጨረሻ ቀን መጋዘን ገብቶ በማግስቱ ከተመዘገበ፣ የእርስዎ ማስታወሻና ሲስተሙ ሁለት የተለያየ ወር ላይ ነው ያሉት። ዕቃው ደርሶ ኢንቮይሱ ያልደረሰ ከሆነም እንዲሁ። ሦስተኛው የመነሻ ባላንሱ ነው። ከስምንት ወር በፊት ከኤክሴል ወደ ሲስተሙ ሲገለበጥ ማን አመሳከረው? ተፈርሞበታል? በዚያ ጥድፊያ ላይ የገባ ስህተት በየወሩ እየተንከባለለ ይመጣል፤ ማንም ወደ ኋላ ሄዶ አያየውም። የተመለሰ ዕቃ እንደ አዲስ ግዥ ተመዝግቦ ሊሆንም ይችላል። ወይም ሲስተሙ ሲዘገይ አንዱ ሁለት ጊዜ ተጭኖት ሁለት ጊዜ ገብቷል።

አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ሲስተሞች አንድ ትልቅ ጥቅም አላቸው። ከእያንዳንዱ ቁጥር ጀርባ ሰነዱን ያስቀምጣሉ። ማን አስገባው፣ በስንት ሰዓት፣ ማን አረመው፣ ሁሉም ተመዝግቦ ይቀመጣል። ኦዲት ትሬይል ይሉታል። በወረቀቱ ዘመን ይህን ለማግኘት ፋይል ስናገላብጥ ነበር የምንውለው። አሁን ቁጥሩን ተጭኖ ወደ ምንጩ መውረድ ነው። ልጁ ፈጥኖ የሚጫናቸው ነገሮች ውስጥ በመጀመሪያ መማር ያለብዎት ይህንን ነው። ሌላውን ቀስ ብለው ይደርሱበታል።

አሁን ወደ ፍርሃትዎ ልምጣ። ሥራዬ ይቀራል ወይ?

ኮምፒውተር የሚለው ቃል ራሱ ድሮ የሰው ሥራ መጠሪያ እንደነበር ያውቃሉ? ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚያሰሉ ሰዎች፣ ብዙዎቹ ሴቶች፣ «ኮምፒውተር» ይባሉ ነበር። ያ ሥራ የለም። ስልክ እያገናኙ የሚውሉት፣ በታይፕ የሚጽፉት፣ እነሱም በአብዛኛው የሉም። ስለዚህ «አይዞሽ፣ ምንም አይመጣም» ብዬ አልዋሽዎትም። ሥራ ይጠፋል። ግን የሚጠፋው ሁልጊዜ ሰው በፈራው መንገድ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1979 ዳን ብሪክሊንና ቦብ ፍራንክስተን ቪዚካልክ የሚባል ፕሮግራም ለአፕል 2 ኮምፒውተር አወጡ። የኤክሴል አያት ነው። ከዚያ በፊት በትልቅ ወረቀት ላይ በረድፍና በዓምድ የተሠራ በጀት ውስጥ አንዲት ቁጥር ከተቀየረች፣ ከሷ በታች ያለው ሁሉ በላጲስ ይጠፋና እንደገና ይሰላል። የስንት ሰዓት ሥራ! ቪዚካልክ ያንን በሰከንዶች አደረገው። ሒሳብ ሠራተኛ አለቀለት ማለት ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። በአሜሪካ የመዝገብ ጸሐፊዎች ቁጥር ቀነሰ፤ የሒሳብ ባለሙያዎችና የፋይናንስ ተንታኞች ቁጥር ግን ጨመረ። ማስላቱ ሲረክስ ጥያቄው በዛ። «ዋጋውን ብንቀንስስ? ብድሩ ቢዘገይስ?» ብሎ መጠየቅ ድሮ የአንድ ሳምንት ሥራ ያስወጣ ነበር፤ አሁን ማንም ይጠይቃል። መልሱን የሚያምን ወይም የሚጠራጠር ሰው ግን ያስፈልጋል።

የባንክ ገንዘብ ከፋዮችም ታሪክ ይመሳሰላል። ኤቲኤም እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን አካባቢ ሲተከል መጨረሻቸው የደረሰ ይመስል ነበር። በአሜሪካ ግን ማሽኑ ከተስፋፋ በኋላም የገንዘብ ከፋዮች ቁጥር ለብዙ ዓመታት አልቀነሰም። ለአንድ ቅርንጫፍ የሚያስፈልገው ሰው ሲያንስ ቅርንጫፍ መክፈት ረከሰ፤ ባንኮቹም ብዙ ከፈቱ። የከፋዮቹም ሥራ ገንዘብ ከመቁጠር ደንበኛን ወደ ማስተናገድ ዞረ። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ባለኝ። በኋላ ሰው በስልኩ መክፈል ሲጀምር ቅርንጫፎቹ ራሳቸው መዘጋት ያዙ፤ ያኔ ቁጥራቸው ወረደ። ማሽኑ አንድ ተግባር ሲወስድ ሰው ይተርፋል። ተቋሙ በሙሉ ሲቀየር ግን ለመትረፍ ተግባሩን ሳይሆን ሥራው ለምን እንደሚሠራ ማወቅ ይጠይቃል።

የእርስዎን ሥራ በዚህ ዓይን ይዩት። ቫውቸር ማስገባት፣ ኢንቮይስን ከግዥ ትዕዛዝ ጋር ማዛመድ፣ የባንክ ሒሳብ ማስታረቅ፣ እነዚህ በየዓመቱ ወደ ማሽኑ ይሄዳሉ። አይሟገቱላቸው። ለዓመታት ቆሞ የቀረ ዕቃ ዋጋው መውረድ አለበት ወይ? ይህ ደንበኛ ዕዳውን ይከፍላል ብለን እንያዘው? ይህ ወጪ የዚህ ዓመት ነው ወይስ የሚቀጥለው? እነዚህ ፍርድ ይጠይቃሉ። ፍርድ ደግሞ ፊርማ ይጠይቃል። ፊርማ የሰው ነው።

አርቲፊሻል ኢንተለጀንሱም ይህንን አልለወጠውም። እ.ኤ.አ. በ2023 ኒውዮርክ ውስጥ ሁለት ጠበቆች ቻትጂፒቲ ያቀረበላቸውን የፍርድ ቤት ውሳኔዎች ጠቅሰው ለዳኛ አስገቡ። ውሳኔዎቹ በዓለም ላይ የሌሉ ነበሩ። ዳኛው ቻትጂፒቲን አልጠሩም፤ ጠበቆቹን 5,000 ዶላር ቀጡ። በካናዳ ደግሞ አንድ መንገደኛ የኤር ካናዳ ቻትቦት፣ ማለትም ለደንበኛ ጥያቄ በጽሑፍ የሚመልስ ፕሮግራም፣ በሰጠው የተሳሳተ መረጃ በ2022 ትኬት ገዛ። አየር መንገዱ ቻትቦቱ ለተናገረው ራሱ ተጠያቂ ነው ብሎ ተከራከረ። በ2024 ጉዳዩን ያየው የዳኝነት አካል አልተቀበለውም፤ ካሳ ክፈል ተባለ። በሁለቱም ቦታ ስሙ በወረቀቱ ላይ ያለው ነው የተጠየቀው። እርስዎ ጋም ነገ አንድ ፕሮግራም የወሩን ሪፖርት ጽፎ፣ አሳምሮ፣ ማብራሪያ ጨምሮ ያመጣልዎታል። ሲያነቡት ልብ ያሳርፋል። አደጋው ያ ነው። አማርኛው ያማረ ሪፖርትና ቁጥሩ የገጠመ ሪፖርት አንድ አይደሉም።

ስለዚህ ለመልቀቅ አይቸኩሉ። ኮምፒውተር ሳይንስም አይማሩ፤ ፍቅሩ ካለዎት ሌላ ነገር፣ ግን ከፍርሃት የተነሳ አይሁን። አራት ዓመት ፈጅተው የሚያገኙት ጀማሪ ፕሮግራመርነት ነው። አሁን በእጅዎ ያለው የ22 ዓመት ሒሳብ ነው። የሚጎድልዎት በሁለቱ መካከል ያለው ድልድይ ነው፤ እሱ ደግሞ በወራት ይሠራል።

አንድ የምወደው ታሪክ አለ። በዓለም ላይ ለቢሮ ሥራ ከዋለ ኮምፒውተር የመጀመሪያው ሊዮ ይባላል። የሠራው የኮምፒውተር ኩባንያ አይደለም። ላዮንስ የሚባል የእንግሊዝ የሻይ ቤቶችና የዳቦ መጋገሪያዎች ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 የመጀመሪያ መደበኛ ሥራው የመጋገሪያዎቹን ምርት ዋጋ ማስላት ነበር። ቀጥሎ ደመወዝ መጣ። ከመጀመሪያዎቹ ፕሮግራመሮቹ ውስጥ ከድርጅቱ ከራሱ ሠራተኞች መካከል የተመረጡ ነበሩ። ዛሬ ብዙ ድርጅት ይህንን ይረሳዋል። ሲስተሙን ከውጭ ያስመጣል፤ ቢሮው ውስጥ ሥራውን የሚያውቀውን ሰው ጥግ አስቀምጦ ቁልፍ መጫን ብቻ ያሠለጥነዋል።

እንዴት ይማሩ? ልጁን በቀን ሃያ ደቂቃ ብቻ ይጠይቁት። እየሠራ ሳይሆን ሥራ ከቆመ በኋላ። አይጡን እርስዎ ይያዙ፤ እሱ በቃል ይምራዎት። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። ጣቱ የሚፈጥን ሰው ሲሠራ በማየት የሚማር የለም። እያንዳንዱን ደረጃ በራስዎ ቋንቋ በማስታወሻ ይያዙ። እውነቱን ልንገርዎት፤ ከአሠለጠንኳቸው ሰዎች መካከል በዓመቱ መጨረሻ ከሁሉም የበለጡት ፈጣኖቹ አልነበሩም። ደብተር የያዙት ነበሩ።

ደግሞ ልጁ ሁሉን ያውቃል ብለው አያስቡ። የትኛው ቁልፍ የት እንዳለ ያውቃል። ወሩ ሲዘጋ ለምን ማስተካከያ እንደሚሠራ ግን ላያውቅ ይችላል። እርስዎ ያስረዱት። «አንተ መንገዱን አሳየኝ፤ እኔ ምክንያቱን አስረዳሃለሁ» ይበሉት። ብዙ ወጣቶች ይህንን የሚነግራቸው ሰው አጥተው ነው ሲስተሙ ያለውን ሁሉ የሚያምኑት። እርስዎን ያስለቀሰዎት ነገር እሱንም በሌላ መልኩ ያስጨንቀው ይሆናል፤ አንድ ቀን እሱም መፈረሙ አይቀርም።

ቁጥሩን ወደ ምንጩ መከተል ከለመዱ በኋላ መረጃ ከሲስተሙ አውጥተው በኤክሴል ፒቮት ቴብል (ብዙ መረጃን በፈለጉት መልክ ጠቅልሎ በሚያሳይ ሠንጠረዥ) ማገላበጥ ይልመዱ። ኤክሴልን ያውቁታልና አይከብድዎትም። ቀጥሎ ዕቃ፣ አቅራቢና ደንበኛ ሲስተሙ ላይ ማን እንደሚመዘግብ፣ ማን እንደሚያጸድቅ ይወቁ። የዚያ ድርጅት ዜሮ የገባው እዚያ ነበር። ዕቃውን የሚመዘግበውም፣ ግዥውን የሚያዘውም፣ ክፍያውን የሚያጸድቀውም አንድ ሰው ከሆነ፣ ያ ራሱን የቻለ አደጋ ነው። ይህንን ለማየት ፕሮግራመር መሆን አያስፈልግም። እርስዎ በወረቀቱ ዘመን የተማሩት የውስጥ ቁጥጥር ነው፤ ስሙ እንኳ አልተቀየረም።

ማስታወሻዎን ግን አይተዉ። ይህንን አጥብቄ እላለሁ። ሊዛን ቤይንብሪጅ የምትባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1983 ያሳየችው ነገር አለ። ሥራው ወደ ማሽን ሲሄድ ለሰው የሚቀርለት ከባዱ ክፍል ነው፤ ማሽኑ ሲያቅተው መግባት። ግን ሰውየው ዕለት ዕለት መሥራቱን ስላቆመ ልምዱ ይዝላል። በሚፈለግበት ሰዓት እጁ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ሁሉንም ሳይሆን፣ በየወሩ አንድ ሒሳብ መርጠው ከጥሬ ሰነዱ ጀምረው በእጅዎ ይሥሩት። አንድ ወር ዕቃ፣ አንድ ወር ደመወዝ። ከሲስተሙ ጋር ያመሳክሩት። አለቃዎ ቢጠይቁ «ናሙና ማጣሪያ» ይበሉት፤ እሱም ነው።

አንድ ነገር ደግሞ እጠረጥራለሁ። ደብዳቤዎ ላይ አልጻፉትም፤ ግን በብዙ ቦታ አይቼዋለሁ። ሲስተሙ ከገባ በኋላ ሥራው ቀነሰ ወይስ በዛ? ወረቀቱን ሞልተው፣ አስፈርመው፣ ከዚያ እንደገና ሲስተሙ ላይ እያስገቡ ከሆነ፣ ድክመቱ የእርስዎ አይደለም። ኤሌክትሪክ ወደ ፋብሪካ ሲገባም እንዲህ ነበር። ኤዲሰን ኃይል ማመንጫውን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1882 ነው። ፋብሪካዎች ግን መጀመሪያ ያደረጉት የእንፋሎት ሞተሩን አንስተው በምትኩ አንድ ትልቅ የኤሌክትሪክ ሞተር መትከል ነበር። ኃይሉን ወደ ማሽኖቹ የሚያደርሰው ቀበቶና ዘንግ፣ የማሽኖቹ አቀማመጥ፣ ሁሉም እንደነበረ ቀረ። ምርቱ በሰፊው ያደገው እያንዳንዱ ማሽን የራሱን ሞተር ይዞ ፋብሪካው እንደ አዲስ ሲደራጅ ነው፤ በ1920ዎቹ። አርባ ዓመት ገደማ። የኢኮኖሚ ታሪክ ተመራማሪው ፖል ዴቪድ በ1990 ይህንን አንስቶ ኮምፒውተርም በዚያው መንገድ ላይ ነው ብሏል።

የእናንተም ድርጅት ምናልባት ሞተሩን ቀይሮ ቀበቶውን አልቀየረም። የትኛው ፎርም ሁለት ጊዜ እንደሚሞላ፣ የትኛው ፊርማ ለማንም እንደማይጠቅም ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። ለአንድ ሳምንት ይመዝግቡትና በአንድ ገጽ ጽፈው ይስጡ። ከፊርማው ኢሜይል ጋር በአንድ ቀን አይላኩት ብቻ፤ ሁለቱ ተደርበው አቤቱታ ይመስላሉ።

መልቀቅን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ኢሜይሉን ልከው፣ ቆጠራ ጠይቀው፣ አሁንም ምክንያቱ ሳይታወቅ «ፈርሚ» ከተባሉ፣ አይፈርሙ። ወይም ልዩነቱን ከፊርማዎ አጠገብ በግልጽ ጽፈው ይፈርሙ። በዚህ ቢያስፈራሩዎት ያኔ ሌላ ሥራ ይፈልጉ፤ እኔም አብሬዎት ነኝ። ከሲስተሙ ፈርቶ መልቀቅና ስምን ላለማጉደፍ መልቀቅ ግን አንድ አይደለም። የኋለኛውን ለሚቀጥለው ቀጣሪ አንገት ቀና አድርገው ይናገሩታል።

ሰኞ ልጁን ሲያገኙት ያንን የመጋዘን ዕቃ ሪፖርት ብቻ ይክፈቱ። ከሁሉም የበለጠ ልዩነት ያለበትን አንድ ዕቃ ይምረጡ። አይጡን ይያዙ፤ ወደ ሰነዱ ይውረዱ። መጀመሪያ መለኪያውን ይዩ። እኔ ከሩቅ ሆኜ የምጠረጥረው እሱን ወይም የመነሻ ባላንሱን ነው። ቆጠራው አልቆ ልዩነቱ የት እንደተገኘ ሲያውቁ ይጻፉልኝ፤ ስህተቱ በእርስዎ ማስታወሻ ላይ ቢገኝም።